ለመንጃ ፈቃድ የተለቀሰ ልቅሶ

በሚያዝያ ከአባይ ማዶ ተነስተን ደብረ ማርቆስ እንደገባን ልጄ ባጃጅ ልንዳ አለችኝ። ሥራው ተገኝቷል፤ ባለ ባጃጁ አከራያችን ናቸው፤ «እስከ ኅዳር ሚካኤል እጠብቅሻለሁ» ብለዋታል። የጎደለው መንጃ ፈቃድ ብቻ። ለመንጃ ፈቃድ የነዋሪነት መታወቂያ ያስፈልጋል፤ ለእሷ መታወቂያ ደግሞ መጀመሪያ የእናቷ።

እናቷ እንግዲህ እኔ ነኝ፤ ከሦስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ ብስክሌት ሲመጣ እንኳ ቦይ ውስጥ የምገባ። የጭነት መኪና የከተማውን ቁልቁለት እንዴት እንደሚወርደው አይቻለሁ። እውነቱን ልናገር፤ ልጄ ሥራው እንዲሳካላት ስትጸልይ እኔ ቀበሌው እንዲከለክለን ሻማ ተስዬ ነበር።

ቀበሌው ስለቴን የሰማ መሰለ። ጸሐፊው የመሸኛ ደብዳቤዬን ገለባበጠና፣

«እናቴ፣ እዚህ መኖርዎን በምን ልወቅ?» አለኝ።

«ይኸው ፊትህ ቆሜያለሁ።»

«መቆምማ መንገደኛም ይቆማል። የሚያውቁዎት ሦስት ነዋሪዎች ያምጡ።»

በዚህ አገር ሰው የሚታወቀው በእድር ነው። እድሩ ዘንድ ብሄድ ዳኛው «መታወቂያሽን ይዘሽ ነይ» አሉኝ። አንዱ ወደ ሌላው እየሰደደኝ ጫማዬ አለቀ። ልጄ ግን በየማታው «እማዬ፣ ምን አሉሽ?» ትለኛለች፤ ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

መኖሬን የሚያምን ሕያው ባጣ ወደ ሙታን ሄድኩ። ልቅሶ ቤት መታወቂያ አይጠየቅም። የእድሩ ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር ነጠላዬን ዘቅዝቄ መገስገስ ሆነ ሥራዬ። በመጀመሪያው ቀን «ወንድሜ! ወንድም ጋሻዬ!» እያልኩ ደረቴን ስደቃ አንዲት ሴትዮ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

«አንቺ፣ የሞቱት እኮ ሴት ናቸው።»

«አፈር በበላሁ!»

«አፈሩስ አይቀርልሽ። ቤትሽ ወዴት ነው?»

ንፍሮውን አብረን ቃምን። በክረምቱ ጭቃ ስንት ቀብር አብረን ወጣን! ጳጉሜን ላይ እኒሁ ሴትዮ ሁለት ሰው አስከትለው ቀበሌ ቆሙልኝ።

«በእርግጥ ያውቋቸዋል?» አላቸው ጸሐፊው።

«አንተን ሦስት ዓመት ሙሉ እዚህ ወንበር ላይ አየሁህ። አባቴን ስቀብር ግን አላየሁህም። እሷ ነበረች።»

ጸሐፊው ማኅተሙን መፈለግ ጀመረ። ድንገት ቀና ብሎ፣ «ልጅቱስ ከእርስዎ ጋር ነው የምትኖረው?» አለኝ።

አንድ «አይ» ብል ባጃጁ ቀረ። አጠገቤ የቆመችው ልጄ ልቤን ታውቀዋለች፤ መሬት መሬት እያየች ጥፍሯን ትበላለች።

«ከእኔው ጋር ናት» አልኩ።

ድምፄ በሰው ሬሳ ላይ አልቋል። «አልሰማሁም፣ ይድገሙት» አለኝ። ሁለት ጊዜ አስባለኝ፣ ጨካኝ!

ፈተናውን አለፈች፤ ኅዳር ሳይገባ መንጃ ፈቃዷን ያዘች። የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ እኔው ሆንኩ። ጥሩምባ ተነፍቶ ነበርና ነጠላዬን እንደዘቀዘቅኩ ብረቱን በሁለት እጄ አንቄ ተቀመጥኩ። ቁልቁለቱ ላይ ስትደርስ ነፍሴ ቀድማኝ ወረደች።

«ቀስ በይ፣ አንቺ ልጅ!» ብዬ ጮህኩ፤ «ዛሬ የምንሄደው የሌላ ሰው ልቅሶ ነው!»