የእናቴ ወንበርና የእኔ ካሜራ

ካሜራ የሚያስገጥም ሰው ሁሉ ሌባ ፈርቶ ይመስላችኋል። ነቀምቴ ውስጥ ስንት ሱቅና መድኃኒት ቤት ላይ መሰላል አቁሜ እንደሰቀልኩ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ከደንበኞቼ ግማሹ የሚጠብቀው የሚስቱን ወንድም ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እዚህ ጋ አድርግልኝ፣ መሳቢያው በደንብ እንዲታይ" ሲለኝ ነገሩ ወዲያው ይገባኛል። እንዳለኝ አደርግለታለሁ። ሰው ዓይን የሚጥለው ባላመነው ላይ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ይህን ድምዳሜዬን ያፈረሰችብኝ እናቴ ናት።

እናቴ የምትኖረው ኡኬ ነው፤ ከነቀምቴ ሚኒባስ ይዘው ብዙም ሳይቆዩ የሚወርዱባት የመንገድ ዳር ከተማ። አባቴ ከጎጃም አምጥቶ እዚያው ቤት ሠራላት፤ እኛን እዚያው ወለደች፣ እሱንም እዚያው ቀበረች። እህቴና እኔ ነቀምቴ ገብተን እሷ መምህር፣ እኔ የካሜራ ሰው ስንሆን እናቴ ብቻዋን ቀረች። ብቻዋን ስል ለወጉ ነው፤ ከአጥሩ ማዶ አዴ አለች። አዴ ኦሮሞ የተከበረችን ሴት የሚጠራበት ቃል ነው፤ እኛ ግን ከልጅነታችን ጀምሮ ጎረቤታችንን ስንጠራበት ስሟ ሆኖ ቀርቷል። እናቴ ኦርቶዶክስ፣ አዴ ፕሮቴስታንት ናቸው። አንዷ ስለ ጾም፣ ሌላዋ ስለ መዝሙር ሲተራረቡ አብረው አረጁ።

ባለፈው ክረምት እናቴን ማድ ቤቱ ደጅ ላይ ጭቃ አዳልጧት ወደቀች። ያነሳቻት አዴ ናት። እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ሰነበተና ዳነች፤ እህቴ ግን አልዳነችም። "ከእንግዲህ ብቻዋን አትኖርም። እኔ ጋ ትመጣለች፣ ቤቱም ይከራያል" ብላ ቁርጡን ተናገረች። እህቴ አንዴ ከተናገረች የሚመልሳት የለም፤ ተማሪዎቿ ይመስክሩ። እናቴ ደግሞ "ኧረ ወዲያ! በቁሜ ቤቴን ዘግቼ የሰው ፎቅ ላይ ልንጠለጠል?" ብላ ተኮሳተረች። ተኳረፉ። አስታራቂ ሆኜ የገባሁት እኔ ነኝ፤ አስታራቂ ያለውን ይዞ ነው የሚቀርበው፣ እኔ ያለኝ ካሜራ ነው። እናቴ ቤቷ ትቆያለች፣ እኛ በስልካችን እናያታለን፤ መድከሟን ካየን ግን ያለ ክርክር ነቀምቴ ትገባለች። ስምምነቱ ይህ ነበር። እናቴ ዓይኔን ትኩር ብላ አየችና "እሺ" አለች።

ቅዳሜ ዕለት ዕቃዬን ተሸክሜ ወረድኩ። መሰላል ከአዴ ተዋስኩ። ራውተሩን ሲም አስገብቼ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት፤ ኔትወርኩ ከዚያ ስንዝር ከራቀ ይጠፋል። ካሜራውን ከእናቴ ወንበር ትይዩ፣ ሳሎኑ ጥግ ላይ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። ወንበሯም በሩም በአንድ ላይ ይታያሉ። መብራት ሲሄድ አብሮ እንዳይሄድ ባትሪ አገናኘሁለት፣ የሚቀርጽበት ሜሞሪ አስገባሁ። ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ፓስወርድም ለወጥኩት፤ ይህን ሳያደርግ የሚሄድ ባለሙያ የደንበኛውን በር ወለል አድርጎ ከፍቶ እንደሄደ ቁጠሩት። በመጨረሻ ምስሉን ስልኬ ላይ ከፈትኩና እናቴን ጠራኋት።

መነጽሯን አድርጋ መጀመሪያ ያየችው ራሷን አልነበረም፣ ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት ነው።

"አሥራ አምስት ሰዓት ይላል" አለች። "ከመቼ ወዲህ ነው በአንድ ቀን አሥራ አምስት ሰዓት የሚሆነው?"

"የፈረንጅ አቆጣጠር ነው እማዬ። በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ማለት ነው።"

"ኡኬ ተሰቅሎ የፈረንጅ ሰዓት ይቆጥራል? አርመው እንጂ።"

ደንበኞቼም ሁሌ የሚነዘንዙኝ በዚሁ ነው፤ መላ አለኝ። የኢትዮጵያ ሰዓት በማሽኑ ውስጥ ከለንደኑ በሦስት ይቀድማል ተብሎ ይሞላል። እኔ በሦስት ወደ ኋላ ይቀራል ብዬ እሞላዋለሁ። ስድስት ሰዓት ይጎድልና ልክ የእኛ ሰዓት ይሆናል። ማሽኑ ውቅያኖስ መሃል ያለሁ ይመስለው እንጂ ምን ቸገረኝ! እናቴ ዘጠኝ ሰዓት የሚለውን አይታ ልቧ ረጋ።

"እንግዲህ በዚህ ነው የምታዩኝ?"

"በዚህ ነው።"

"መቼ መቼ?"

"በፈለግነው ሰዓት ከፍተን እናይሻለን። አንቺ ምንም ማድረግ የለብሽም" አልኳት። ሥራዬ አምሮልኝ፣ ከክፍሉ አንደኛ ወጥቶ ስሙ እንደተጠራ ልጅ እየተንጠራራሁ ወደ ነቀምቴ ተመለስኩ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዴት ደስ ይሉ ነበር! ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬን ስከፍት እናቴ ወንበሯ ላይ ናት። ጠዋት ስከፍት እናቴ አለች። ከምሳ በኋላ ስከፍት እናቴ አለች። ነጭ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፀጉሯን ተበጥራ፣ ፎቶ ቤት የገባች መስላ ቁጭ ብላለች። "አየህ፣ እንዴት እንዳማረባት! ድሮ እንዲህ ራሷን ትጠብቅ ነበር?" ትለኛለች እህቴ፤ በዕረፍት ሰዓቷ ለባልደረቦቿም ታሳያለች። እኔም ለደንበኞቼ ማሳየት ጀመርኩ። የማያዩት አገር አይናፍቅም ይላሉ፤ እኛ ግን እያየን ሳይናፍቀን ቀረና ኡኬ መውረዱን ተውነው።

እንቅስቃሴ ሲኖር ስልኬ እንዲጮህ አድርጌው ነበር። መጀመሪያ ዶሮ በገባች ቁጥር እየጮኸ ሥራ ስላስፈታኝ ትንሽ እንቅስቃሴ እንዳይቆጥር ዝቅ አደረግሁት። ቆየት ብሎ ጭራሽ ጸጥ አለ። ያበላሸሁት ነገር አለ ብዬ ከፍቼ ባይ ምስሉ ደርቋል፤ እናቴ ወንበሯ ላይ፣ እጆቿ ጉልበቷ ላይ፣ አትንቀሳቀስም። ኔትወርኩን ፈተሽኩ፣ ደህና ነው። ሰዓቱን አየሁ፣ ሰከንዱ ይቆጥራል። ግራ ሲገባኝ ደወልኩላት። ምስሉ ላይ እጇ ተነስቶ ስልኩን ሲያነሳ አየሁ።

"ምን እያደረግሽ ነው እማዬ?"

"ተቀምጫለሁ።"

"ደህና ነሽ?"

"እያየኸኝ!" አለች፤ እውነቷን ነው፣ እያየኋት ነበር። ካሜራው ደህና መሆኑን አረጋግጬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ነገሩ የፈነዳው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ሱቄ ቁጭ ብዬ ገመድ ስጠቀልል ስልኬ ጮኸ። ስከፍተው አዴ ሳሎኑ መሃል ቆማለች፤ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ቀጥታ እኔን ታያለች።

"ያ ኢልማ ኮ" አለች፤ ልጄ ማለቷ ነው፣ አባባሏ ግን የቁጣ ነበር። "ትሰማኛለህ አይደል? ካልሰማህም ለዚህ ዕቃህ ተናግሬያለሁ። እናትህን ምን አደረግህብኝ? እዚህ ሰፈር ሰው ሞቶ እናትህ ለቅሶ ቀረች! ማሎ፣ ኧረ እባክህ! እሷ ያልተቀመጠችበት ለቅሶ አይተን እናውቃለን? ገበያ ቀረች፣ ቤተ ክርስቲያኗንም ተወች፣ እኔ ጋ እንኳ መምጣት ተወች። ስጠይቃት ልጄ እያየኝ ነው ትላለች። እያየህ ነው? ምኑን ነው የምታየው?"

ከኋላዋ የእናቴ ድምፅ "ተይው አንቺ ሴት፣ ሥራ ይዞ ይሆናል" ሲል ተሰማኝ።

ኡኬ ውስጥ ለቅሶ መቅረት ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰው ታሞ እንኳ ተደግፎ ይሄዳል። ሱቄን ዘግቼ በቀጥታ መናኸሪያ ሄድኩ።

ስደርስ እናቴ ስልኬ ላይ እንደማያት እዚያው ወንበር ላይ ነበረች። ሳመችኝ። ከጎኗ ቁጭ ብዬ ለምን ከቤት እንደማትወጣ ጠየቅኋት።

"ሰው ቤቴ ቁጭ ብሎ ጥዬው ልውጣ?" አለች፤ እንዲህ ያለ ነገር መጠየቄ ራሱ ገርሟታል። "እናንተ መጥታችሁ ወንበሩን ባዶ ብታገኙት ምን ይባላል? አስተናጋጅ የሌለው ቤት!"

"እማዬ፣ እኛ እኮ ሁልጊዜ አናይም። በቀን አንዴ ሁለቴ ነው።"

"መቼ እንደምታዩ እኔ በምን አውቃለሁ? በፈለግነው ሰዓት አላልክም?"

ለካ ልጆቿን ስትቀበል ነው የከረመችው። ያንን ትንሽ ማሽን እንግዳ አድርጋው፣ ለእሱ ተበጥራ፣ ለእሱ ለብሳ፣ ጥላው ላለመሄድ ከሰው ተቆርጣ። በዚያ ላይ የማይሸኝ እንግዳ ነው፤ በልቶ አይጠግብ፣ ልሂድ አይል።

እናቴ ግን አልጨረሰችም። የነጠላዋን ጫፍ ይዛ እየጠቀለለች ቀስ ብላ ጨመረች። "ደግሞ እህትህ አለች። አንድ ቀን ወንበሩን ባዶ ካየችው ወደቀች ብላ መኪና ይዛ ትመጣለች። እሺ ብያለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም። እና ቤቴን የምጠብቅባት ይህቺው ወንበር ናት።"

ይህን ስትል እንባዬ መጣ። ቤቷ እንድትኖር ብዬ የሰቀልኩት ነገር ቤቷን እንድትጠብቅ ዘበኛ አድርጎ ቀጥሯታል። ተነስቼ እቅፍ አደረግኋት፣ "ነይ፣ ለቅሶ እንሂድ" አልኳት። ምርኩዟን ይዛ፣ አዴም አጥሯን ዞራ መጥታ፣ ሦስታችን ሄድን። እናቴ ለምን እንደዘገየች ለሐዘንተኞቹ ስትነግራቸው ጥፋቱን ሁሉ በእኔ ላይ ጣለችው። በለቅሶ ቤት የማይሳቅ ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደረጉ ሴቶች አይቻለሁ። አልተቀየምኩም።

ማግስቱን መሰላሉን እንደገና ተዋስኩ። ካሜራውን ከሳሎኑ ነቅዬ በረንዳው ጣራ ጥግ ሥር፣ የቤቱን ደጃፍ፣ ግቢውንና የአጥሩን በር እንዲያይ አድርጌ ሰቀልኩት። ስልኩ ላይ ምስሉን ከፍቼ በጣቴ የአጥሩን በር ብቻ ከበብኩት፤ ከዚያ ክበብ ውጭ ዶሮ ብትሮጥ፣ ጥጃ ቢዘል፣ የማንጎው ቅርንጫፍ ቢወዛወዝ አይቆጥርም። በበሩ የሚወጣና የሚገባ ሰው ሲኖር ብቻ ይነግረናል። አዴ መሰላሉን እየያዘችልኝ "አሁን ደግሞ እኔን ልትቀርጸኝ ነው? ቆይ ሻሼን ልቀይር" ትለኛለች። ከዚያ ቀልዱን ትታ፣ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ እንደምትጣራና መልስ ካጣች ተሻግራ እንደምትገባ ነገረችኝ። ለካ ድሮም የምታደርገው ይህንኑ ነው። እኛ ነን የማናውቀው።

እህቴን ማሳመን መሰላል ከመውጣት የባሰ ነበር። "ሰው የሚወድቀው ቤት ውስጥ ነው፣ አንተ በር ታሳየኛለህ!" አለች። የእናቴን ንግግር ቃል በቃል ነገርኳት። "እንሞክረው፣ ግን ስምምነቱ እንዳለ ነው" አለችኝ። በቀላሉ እንደማትለቅ ዐውቄያለሁ።

ከዚያ በኋላ በአንድ የሥራ ቀን፣ የአንድ ደንበኛ ሱቅ ላይ መብሻ ይዤ መሰላል ላይ ሳለሁ እህቴ ደወለች።

"የለችም! ጠዋት ከፈትኩ፣ የለችም። አሁንም ከፈትኩ፣ ግቢው ባዶ ነው፣ ቤቱ ተቆልፏል። ስልኳ ይጠራል፣ አታነሳም። እኔ መኪና ልይዝ ነው!"

"ቆይ እስቲ፣ የተቀረጸውን አብረን እንየው" አልኳት። ከመሰላሉ ወርጄ ወደ ኋላ መለስኩት፤ እሷም በራሷ ስልክ መለሰችው። ለካ ጠዋት ስልካችን ጮሆ ነበር፤ እኔ በመብሻው ድምፅ፣ እሷ ክፍል ውስጥ ሆና አልሰማነውም። ሁለታችንም በየስልካችን እያየን ነው። የቤቱ በር ተከፈተ። እናቴ ወጣች፣ ቆለፈች፣ ቁልፉን ጡቷ ሥር ከተተች። አዴ ከአጥሩ ማዶ የሆነ ነገር አለቻት፤ እናቴ ምርኩዟን ወደ ሰማይ እያወዛወዘች መልስ ሰጠቻት። ለሥራ ለብሳው የምትውለውን ቀሚሷን ነው የለበሰችው፣ ፀጉሯም እንደነገሩ ነው። ስልኳ ቤት ቀርቷል ማለት ነው። በካሜራው ሥር ስታልፍ ቀና ብላ እንኳ አላየችንም። እየሳቀች በአጥሩ በር ወጣችና ሄደች።

እህቴ የተቀረጸውን ከመጀመሪያው ደግማ ስታስጀምረው በስልኩ ሰማሁ።

"ወዴት ሄዳ ይሆን?" አለች በመጨረሻ፤ ድምፅዋ ተለውጧል።

"አላውቅም" አልኳት። እንደዚያን ቀን አላውቅም ማለት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

መኪና አልያዘችም። ስለ ኪራዩም፣ ስለ ነቀምቴም ከዚያ ወዲህ ያነሳ የለም። አመሻሹ ላይ ስልካችን ጮኸ፤ እናቴ አንድ እጅ ሙሉ ጎመን ይዛ በአጥሩ በር ስትገባ አየናት። ወዴት ሄዳ እንደነበረ እስከ ዛሬ አልጠየቅናትም።