የፀጉሬ ለቀስተኞች

ፀጉሬን የቆረጥኩት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አክስቴ ግሮሰሪ ልትገዛ በወጣችበት ነው። ቶሮንቶ፣ ዌስተን የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም የማይርቅ ረጅም ሕንፃ ላይ አብረን እንኖር ነበር። እኔ ኮሌጅ እማራለሁ፣ እሷ ሆስፒታል ወጥ ቤት ትሠራለች። የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ቶሮንቶ ስገባ ኤርፖርት መጥታ የተቀበለችኝ፣ አልጋዋን ለቃልኝ ሶፋ ላይ የከረመችው እሷ ስለሆነች፣ እምቢ የምላት ነገር አልነበረኝም። ከፀጉር በስተቀር።

ለአክስቴ ፀጉር ማለት ሉጫ ነው። ሌላው ሁሉ ገና ያልተስተካከለ ነገር ነው። በየሁለት ወሩ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሯን ትዘጋና ሪላክሰር የሚሉትን ፀጉር የሚያቀና ኬሚካል ትቀባለች፤ ሽታው ኮሪደሩን አቋርጦ ጎረቤት ያስነጥሳል። እኔንም ከመጣሁ ጀምሮ እየያዘች ትቀባኝ ነበር። የራስ ቆዳዬ ሲቃጠል ስቁነጠነጥ "ቻይው፣ ትንሽ ብቻ፣ አሁን ዞማ ይሆናል" ትለኛለች። ዞማ ሆኖ አያውቅም። ለጥቂት ቀን ጸጥ ብሎ ይተኛል፤ ከዚያ ሥሩ ማመፅ ይጀምራል፣ ጫፉ እንደ አሮጌ መጥረጊያ ይሰነጣጠቃል። ዊንተር ሲገባ ደግሞ የውጩ ብርድና የቤቱ ሂተር ተባብረው ትራሴ ላይ ይበትኑታል።

በዚያ ሰሞን ዩቲዩብ ላይ በሪላክሰር የተጎዳ ፀጉራቸውን ቆርጠው በተፈጥሮው እንደገና የሚያሳድጉ ሴቶች በዝተው ነበር። እኔም ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፍኜ፣ የተከለከለ ፊልም እንደሚያይ ሰው ድምፁን ቀንሼ እነሱን አያለሁ። ይታጠባሉ፣ ይቀባሉ፣ ጥምዝምዙን በጣታቸው እየጠቀለሉ ያደርቃሉ። የእኔስ ምን ይመስል ይሆን? እላለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ወይ ሲተኮስ ወይ ሲቀባ የኖረ ፀጉር ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ራሴ ላይ ተቀምጦ፣ እኔና እሱ አንተዋወቅም።

እናም ያን ቅዳሜ የዶሮ ብልት የምናወጣበትን መቀስ አጥቤ መስታወት ፊት ቆምኩ። የተቀባውን ሁሉ ቆርጬ ስጥለው ከጣት ያላለፈ ፀጉር ቀረኝ። ውኃ ስረጭበት ግን እያንዳንዱ ዘለላ ሰብሰብ፣ ጥቅልል አለ፤ ልክ እርሳስ ሲቀረጽ የሚወድቀው ቅራፊ ይመስላል። ብቻዬን ሳቅሁ። ስስበው ይዘረጋል፣ ስለቀው ተመልሶ ይጠቀለላል። እንዲህ ያለ ጨዋታ ራሴ ላይ እንዳለ ማን ነግሮኝ!

አክስቴ በሁለት እጇ ፌስታል አንጠልጥላ ገባች። አየችኝ። ፌስታሉ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም፣ እትዬ። ቆረጥኩት።"

"ማንም ሳይሞት?"

"ማንም ሳይሞት።"

የጫማ መደርደሪያው ላይ ዘጭ አለች። "ምነው ባይሆን ሰው እንኳ ቢሞት!" አለችና ወዲያው ሁለት እጇን ወደ ጣሪያው ዘረጋች፤ "ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ፣ ከአፌ አምልጦኝ ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ፍርዷን ሰጠች። "ነገ ቸርች አትሄጂም። ሰው ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ?"

"ቆረጠችው በያቸው።"

"በምን አፌ!"

እሑድ ጠዋት እሷ ቸርች ሄደች፣ እኔ ቀረሁ። ያለ አክስቴ ቁጥጥር ፀጉሬን ደስ እንዳለኝ ስታጠብ ሻምፑው ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ሁለቱም ዓይኖቼ ቀሉ። የልብስ ማጠቢያ ቀኔም ስለነበር ንጹሕ ሆኖ የቀረኝ አንድ ጥቁር ቲሸርት ብቻ ነው። እሱን ለብሼ፣ የቆሸሸውን ልብስ ተሸክሜ፣ ወደ ላውንድሪ ልወርድ ኤሌቬተር ውስጥ ገባሁ።

ኤሌቬተሩ መንገድ ላይ ቆመና በሕንፃችን የሚኖሩ፣ ከአክስቴ ጋር አንድ ቸርች የሚሄዱ አንዲት እናት ገቡ። ሰው ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው። የጸሎት ቡድኑ መሪ ናቸው፤ ሻሽ ሳያስሩ አይቻቸው አላውቅም። ረፍዶባቸው እየተጣደፉ ነበር። ራሴን አዩ፣ ዓይኔን አዩ፣ ጥቁር ቲሸርቴን አዩ።

"ውይ! ውይ ልጄን!" ብለው ከነልብስ ቅርጫቴ አቀፉኝ። "መቼ ነው?"

"ትናንት ጠዋት" አልኳቸው። አክስቴ የሆነችውን አይቻለሁና፣ የሳቸው ድንጋጤ ብዙም አልገረመኝም።

"በድንገት ነው?"

ጥያቄው አሳቀኝ፤ ሳቄን ግን ዋጥኩት። "አይ፣ እማማ፣ ስንት ጊዜ ሲሠቃይ የኖረ ነው" አልኩ፣ ያ ሁሉ ሪላክሰር ትዝ ብሎኝ። "አሁን ዐረፈ።"

ዓይናቸው እንባ ሞላ። ለሰው ፀጉር እንዲህ የሚያዝን ልብ አለ እንዴ? ብዬ ተደነቅሁ።

"አክስትሽስ?"

"ቸርች ናት። እሷ እንኳ..." ስል ኤሌቬተሩ ተከፈተ። እማማ ጉንጬን ዳበስ አደረጉና "በቃ፣ አንቺ ዝም በይ። ለእኛ ተዪው፤ ቀስ ብለን እናናግራታለን" ብለው ወደ አውቶቡሱ ሮጡ። እኔም ከአክስቴ ጋር ሊያስታርቁኝ ነው ብዬ፣ እየመረቅኳቸው ልብሴን ላጥብ ወረድኩ።

ከሰዓት በኋላ አክስቴ ተመለሰች። ኩርፊያዋ ገና አልበረደላትም። እኔ ፀጉሬን ኮንዲሽነር ለቅልቄ፣ ዩቲዩብ እንዳስተማረኝ እርጥበቱ እንዳያመልጥ ባዶ ፌስታል ራሴ ላይ አስሬ፣ መታጠቢያ ቤት ቁጭ ብያለሁ። በሩ ተንኳኳ። አክስቴ ከፈተች።

ደጃፉ ላይ ፓስተሩ ቆመዋል። አጠገባቸው እማማ፣ ከኋላቸው ኮሪደሩን የሞላ የቸርች ሰው፤ ግማሹ ድስት ይዟል፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። ይህን አመጣጥ የእኛ ሰው ያውቀዋል። ፓስተርና ሽማግሌ ሳይደውሉ ተሰብስበው ከመጡ መርዶ ነው።

"ምን ሆናችሁ?" አለች አክስቴ።

"እስቲ ግቢና እንቀመጥ፣ እህቴ" አሉ ፓስተሩ።

"አልቀመጥም! ማነው? ንገሩኝ፣ ማነው?"

ፓስተሩ ማን እንደሆነ አያውቁም። ወደ እማማ ዞሩ፤ እማማም አያውቁም። "እንግዲህ የሰው ልጅ መንገደኛ ነው" አሉ ፓስተሩ፣ ጊዜ ለመግዛት።

"ወንድሜን! ወንድሜን ነው!" ብላ አክስቴ ደረቷን እየመታች መሬት ላይ ተቀመጠች።

"አዎ፣ ወንድምሽ ነው" አሉ እማማ፣ ማንነቱ በመታወቁ ቀለል ብሏቸው። "ስንት ጊዜ ሲሠቃይ ነበር አሉ። አሁን ዐረፈ።"

የአክስቴ ወንድም አባቴ ነው። ሌላ ወንድም የላትም። ይህን የሰማሁት መታጠቢያ ቤት ሆኜ ነው። ፌስታሌን እንዳሰርኩ፣ ኮንዲሽነሩ ጆሮዬ ላይ እየተንጠባጠበ ወጣሁ። "አባዬ ምን ሆነ?" ብዬ ጮህኩ። እማማ ተንደርድረው አቀፉኝ፤ የእሑድ ቀሚሳቸው ትከሻው ላይ ኮንዲሽነር በኮንዲሽነር ሆነ።

"አይዞሽ ልጄ፣ ጠንከር በይ።"

"ማን ነገራችሁ? መቼ ተደወለ?"

እማማ ከእቅፋቸው አራቅ አድርገው አዩኝ። "አንቺ ነሽ እንጂ የነገርሽኝ።"

"እኔ?"

"ጠዋት! ኤሌቬተር ውስጥ! ሲሠቃይ ነበር፣ ዐረፈ አላልሽም?"

"እማማ፣ ስለ ፀጉሬ እኮ ነው የነገርኩዎት!"

እንግዶቹ ሁሉ ፌስታል ያሰርኩበትን ራሴን አዩ። የአንዷ ሴትዮ ድስት ክዳን ብቻ ተንቀጨቀጨ። ጉዳዩ እዚያው ያበቃ መስሎኝ ነበር፤ አክስቴ ግን መሬት ላይ እንደተቀመጠች "አትዋሹኝ!" ብላ አዲስ ለቅሶ ጀመረች። "ልትደብቁኝ ነው! ድስት ይዛችሁ መጥታችሁ ፀጉር ነው ትሉኛላችሁ?" እውነቷን ነው። ለፀጉር ድስት ይዞ የሚመጣ ማን ነው?

አማራጭ ስላልነበረ አባቴ ጋ ኮል አደረግሁ፤ ስፒከር ላይ አደረግሁት። አዲስ አበባ ሰው የሚተኛበት ሰዓት ነው። ጠርቶ ጠርቶ ተቋረጠ። አክስቴ "አያችሁ!" ብላ ጩኸቱን አቀለጠችው። እንደገና ደወልኩ።

"ሄሎ?" አለ አንድ የተኮሳተረ፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ድምፅ።

"ወንድሜ! አለህ?" አለች አክስቴ።

"በዚህ ሰዓት የት እሄዳለሁ?"

"ሃሌሉያ!" አሉ ፓስተሩ። ቤቱ በሙሉ "ሃሌሉያ!" ብሎ ተቀበላቸው፤ ከኋላ አንዷ እልል አለች።

"ምንድን ነው? ሰርግ ቤት ነው የምትደውሉት?"

"ልጅህ ፀጉሯን ተቆርጣ ነው!" አለች አክስቴ፣ እንባዋን በቀሚሷ እየጠረገች።

አባቴ አዛጋ። "ለዚህ ነው ከእንቅልፌ የምትቀሰቅሱኝ? የእኔ ፀጉር ካለቀ ስንት ዘመኑ፣ እስካሁን ማን ደወለልኝ?" ብሎ ዘጋው።

መጀመሪያ የሳቁት ፓስተሩ ናቸው። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ አክስቴ ብቻ ሳቋንና ንዴቷን መለየት አቅቷት አንዴ ታለቅሳለች፣ አንዴ ትስቃለች። "ወጡን ይዘን አንመለስም መቼም" አሉ ፓስተሩ፤ ለማጽናናት ያዘጋጁትን ጸሎት ወደ ምስጋና ለውጠው ባርከው አቀረቡት። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ትልቁ ትሪ ፓስታ፣ ሁሉም ተበላ። ለቅሶ ቤት ሰው እያፈረ ነው የሚበላው፤ ያን ቀን ግን ሟቹ ራሱ ስልክ አንስቶ ስላናገረን ማንም አላፈረም።

እማማ ከሁሉም አብልጠው በሉ። በኃፍረት ይመስለኛል፤ ዓይናቸውን ከሰሐኑ አላነሡም። ቆይተው ሆዳቸውን ይዘው ውኃ ፍለጋ ወጥ ቤት ገቡ። እኔ ፀጉሬን አለቅልቄ ስመለስ ፍሪጁን ከፍተው፣ አንድ ብርጭቆ ጨልጠው፣ ሁለተኛውን እየቀዱ አገኘኋቸው።

"የተልባ ነገር እኮ! አንጀቴን አራሰው" አሉኝ። "ግን ማር ረስታችኋል።"

የፀጉር ጄሌ ነበር። ተልባውን እንደ እንቁላል ነጭ እስኪዝለገለግ ቀቅዬ፣ አጥልዬ፣ ለሽታው የላቬንደር ዘይት ጠብ አድርጌበት ያስቀመጥኩት።

"እማማ፣ እሱ የሚጠጣ አይደለም! የፀጉር ነው!"

ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥተው ተመለከቱት። "ተልባ አይደለም?"

"ተልባ ነው።"

"በምን አጠለልሽው?"

"በእትዬ ስቶኪንግ።"

"የለበሰችው?"

"ኧረ አዲስ ነው! ከፓኬቱ ነው ያወጣሁት።"

"ተመስገን" አሉና የቀረውን ጠጡት። ከዚያ የወጥ ቤቱን በር መለስ አድርገው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ለአንጀት የሚሆን ለራስም አይጠፋም" አሉኝ። ሻሻቸውን ፈቱት።

ዐይቼው የማላውቀው ራስ ነው። ግንባራቸው ዳርና ዳር ሳስቷል፤ የዓመታት ሪላክሰር ልጦታል። የቀረው እንደ ክር ቀጥ ብሎ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ሥሩ ላይ ግን፣ ለብዙ ጊዜ ስላልተቀቡ፣ ብርማ የሆነ ጥምዝምዝ ወጥቷል።

"ይሄ ያበቅልልኛል?"

"የሄደውን መመለሱን አላውቅም፣ እማማ። ያለውን ግን ያሳምረዋል።"

"እንግዲያው መቀሱን አምጪ። ለሻሽ ብቻ ይዤው የምዞረው ምን ያደርግልኛል?"

ሳሎን ውስጥ ሰው መዝሙር ሲጀምር፣ እኔ ወጥ ቤት ውስጥ የእማማን ፀጉር ቆረጥኩ። በማጠቢያው ገንዳ ላይ አስጎንብሼ አጠብኳቸው፤ ኮንዲሽነር ቀብቼ ቋጠሮውን ማበጠሪያ ሳላስነካ በጣቴ ፈታሁት። ጄሉን በእርጥቡ ቀብቼ እየጨበጥኩ ስለቀው እየተጠቀለለ ቆመ። ዓይናቸውን ጨፍነው "እናቴ ናት እንዲህ የነካችኝ" አሉ።

በሩ ተከፈተ። አክስቴ ሰሐን ይዛ ቆማለች። ወለሉን አየች፣ መቀሱን አየች፣ እማማን አየች።

"ደግሞ እሳቸውን!"

"ዝም በይ አንቺ" አሉ እማማ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "ይልቅ ደረቅ ነገር አቀብይን።"

"ፎጣ አይሆንም" አልኩ፣ ዕድሌን ልሞክር ብዬ። "ፎጣ ያንጨባርረዋል። አሮጌ ቲሸርት ካለሽ፣ እትዬ።"

አክስቴ ሄዳ የቸርች ኮንፈረንስ ቲሸርቷን አምጥታ ወረወረችልኝ።

እማማ በሳምንቱ ያለ ሻሽ ቸርች ሄዱ። ብርማው ጥቅልል በመብራቱ ሥር ያበራ ነበር፤ ፓስተሩ ስብከታቸውን ገትተው የት ጋ እንደነበሩ ከፊት የተቀመጡትን ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችን ባዶ ሆኖ አያውቅም። አንዷ ልጇን ይዛ ትመጣለች፤ ልጅቷ በእንግሊዝኛ ታጉረመርማለች፣ እናቷ በአማርኛ ትቆጣለች፣ ሁለቱም ራሳቸው ርሶ ይሄዳሉ። ተልባው ምድጃው ላይ ይንተከተካል፤ አክስቴም ስቶኪንጓን መደበቅ ጀመረች።

እሷ ግን አንድም ቀን ራሷን አላስነካችኝም። እኔ ከዚያ ቤት እስክወጣ ድረስ በየሁለት ወሩ በሯን ዘግታ ትቀባ ነበር፤ "እኔ ሉጫ ሆኜ ነው የምቀበረው" ትላለች። ቢሆንም ቅዳሜ ከወጥ ቤቱ አትጠፋም። ያንን ቀጥ ያለ ፀጉሯን ወደኋላ አስራ፣ አሮጌ ቲሸርቶቿን ክንዷ ላይ ደርድራ፣ ተራ በተራ እያቀበለች ሁሉንም ትሳደባለች።

"ከርዳዳ ሁላ! ወለሌን ባሕር አደረጋችሁት! ነይ አንቺ፣ አንገትሽ ላይ እየፈሰሰ ነው፤ ብርድ ሳይመታሽ ጠጋ በይ።"