ቡልቡላ ላይ የተቋረጠው ፊልም

ሊወስዱኝ ሲመጡ የተማሪዎቼን ፈተና እያረምኩ ነበር። አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች ናቸው። ሴትየዋ "ለአጭር ጥያቄ ነው፤ ቦርሳሽን መያዝ አያስፈልግሽም" አለችኝ። አልያዝኩም። የታዘዝኩትን ቶሎ የምፈጽም ሰው ነኝ። የታሰሩ ባልደረቦቼ የት እንዳሉ የሚጠይቅ ጽሑፍ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ለጥፌ ነበር። ጥያቄው ስለዚያ ነበር፤ አጭር ግን አልነበረም።

አዳማ ያስገቡኝ ክፍል ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ ነው፤ ከዚያ በላይ በአንድ ወቅት ነጭ ነበር። የጣሪያው ቆርቆሮ ከሰዓት በኋላ በሙቀት ቋ ቋ ይላል። ከፍ ብላ ባለች ትንሽ መስኮት አቧራና የባጃጅ ክላክስ ይገባል። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ሦስት ሴቶች ቀና ብለው አዩኝ። በዕድሜ ትልቋ ፍራሻቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ።

"ግቢ፣ የኔ ልጅ። ብቻ ቤት ለእምቦሳ እንዳትዪን። 'እምቦሳ እሰሩ' ብሎ መመለስ እዚህ አያምርም።"

ትልቋ የዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት ነጋዴ ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ፖሊስ ልጃቸውን ሲፈልግ ስላጣው እሳቸውን ይዞ መጣ። ሁለተኛዋ የቡልቡላ ፀጉር ሠሪ ናት፤ አንዲት ተፈላጊ ሴት ደንበኛዋ ስለነበረች ታሰረች። ሦስተኛዋ ወንጂ ሸንኮራ እርሻ ላይ የምትሠራ ናት። ለምን እንደተያዘች እሷም እኛም በትክክል አናውቅም ነበር።

መጀመሪያ ፍርድ ቤት ስቀርብ ዳኛው "የምትናገሪው አለ?" አሉኝ። ወለሉን አየሁ። ፖሊስ ተጨማሪ ቀናት ጠይቆ ተፈቀደለት። ስመለስ እትዬ "ምን አልሽ?" አሉኝ።

"ምንም።"

"ምንም ማለት?"

"ዝም አልኩ።"

እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉት ወርቅ ያላቸው ናቸው፣ ልጄ። አሁንም ዝም ካልሽ ነገም ያው ነው፣ ከነገ ወዲያም ያው ነው።"

አውቀዋለሁ። ሁለተኛው ቀጠሮ እየቀረበ ነበር። የምናገረው ጠፍቶኝ አይደለም፤ ሰው ሁሉ ሲያየኝ ድምፄ አይወጣም።

በቀጠሮው ዋዜማ ከሰዓት የቡልቡላዋ የወንጂዋን ፀጉር እየሠራች "ያንን የጋራዡን ፊልም አይተሽዋል?" አለቻት።

"የምን ፊልም?"

"የአውቶቡሱ ነዋ። በሐዋሳ መስመር የሚያሳዩት።"

በዚያ መስመር የተመላለሰ ሁሉ ያውቀዋል። የቆየ የፍቅር ኮሜዲ ነው። ከአዳማ የተነሳው አውቶቡስ ሞጆን ሲያልፍ ረዳቱ ይከፍተዋል። በአባቷ ጋራዥ ውስጥ የምትሠራ ሜካኒክ አለች። አንድ ዘናጭ ሰው መኪናውን ሊያሠራ ይመጣና ያያታል። ከዚያ ወዲያ ደህናዋን መኪና ራሱ እያበላሸ መመላለስ ነው ሥራው። ዛሬ ካንዴላ ይፈታል፣ ነገ ጎማ ያስተነፍሳል፣ ከነገ ወዲያ የገዛ ስፖኪዮውን ይሰብራል።

"ታዲያ መኪናዋን ለምን አይሸጣትም?" አለች የወንጂዋ።

"ወይ አንቺ! ፍቅር ይዞት ነው እኮ።"

"አባትየውን ነው የምወደው" አሉ እትዬ። "ያ ተዋናይ አንድም ቃል ሳይናገር ያስቃል። ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ወንበር ላይ ይተኛል። እኔ ዓለም ጤና እስክወርድ እንደተኛ ነው። ይሙት ይዳን አላውቅም።"

"አልሞተም፣ እትዬ። መቂ ላይ ይነቃል።"

"ተመስገን።"

"ባቱ ላይ አንድ ሀብታም የመለዋወጫ ነጋዴ ሽማግሌ ይልክባታል። ቡልቡላ ስንደርስ ቀለበት ሊያደርግላት እጇን ይዟል። እኔ ወራጅ እላለሁ፣ እወርዳለሁ።"

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ። ይኸው እስከ ዛሬ እጇን እንደያዘ ነው።"

"አንድ ቀን እንኳ አልፈሽ አትሄጂም?" አለች የወንጂዋ።

"ለፊልም ብዬ ሻሸመኔ ልደር?"

ከዚያ መተረኩ አልበቃቸውም። እትዬ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው አባትየውን ሆኑ። የቡልቡላዋ አፍቃሪውን ሆነች። የተዋናዩን አሯሯጥ ታውቅበታለች፤ ደረቱን አስቀድሞ፣ ቦርሳውን ብብቱ ሥር ወትፎ ነው የሚሮጠው። ቦርሳው ሳፋ ነበር። የወንጂዋ "እኔስ ምን ልሁን?" ስትል "መኪናዋን" አሏት። ቅር አላላትም። እርሻው ላይ ስትሰማው የኖረችውን የትራክተር ድምፅ ከሆዷ አወጣችው፤ አንዴ አንቆት እንደገና የሚነሳውን ጭምር። እትዬ ከነጠላቸው ሥር ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እኔም ሳቅሁ። እዚያ ክፍል ከገባሁ የመጀመሪያዬ ነበር።

በሩ ተመታ። ተረኛዋ ፖሊስ በትንሿ ቀዳዳ ብቅ አለች።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"መኪና ተበላሽቶብን ነው፣ ሳጅን" አሉ እትዬ፣ ነጠላቸውን ሳያነሱ።

ፖሊሷ ትንሽ አየችን። "ድምፅ ቀንሱ" አለች። ግን አልሄደችም። ቆይታ፣ "አባትየው እንዲህ አይተኛም። ባርኔጣው ሥር አንድ ዓይኑን ገልጦ ነው" አለች።

የቡልቡላዋ ከነሳፋዋ ወደ በሩ ሮጠች። "የት ድረስ አይተሽዋል?"

"አርሲ ነገሌ። ምድቤ እዚያ ነበር።"

"ቀለበቱን አደረገላት? ማሎ፣ እባክሽ ንገሪኝ።"

"እጇን ነጠቀችው። ከዚያ ወረድኩ።"

"ወረድሽ?"

"ሥራ ነበረኝ፣ ምን ላድርግ? መጨረሻውን የምታውቅ የለችም?"

እትዬና የቡልቡላዋ ተያዩ።

"እኔ አውቀዋለሁ" አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሐዋሳ ነው። ከሻሸመኔ በኋላ ያለውን በየምልልሱ አይቼዋለሁ።

"ይሄን ሁሉ ጊዜ አፍነሽ ይዘሽው?" አለች የቡልቡላዋ።

"ማንም አልጠየቀኝም።"

"ተነሺ" አሉ እትዬ።

"ተቀምጬ ልንገራችሁ።"

"ልጅቷ ተቀምጣ ነው ያደረገችው?"

"ቆማ ነው።"

"እንግዲያ ቁሚ።"

ቆምኩ። ሽማግሌዎቹ፣ ነጋዴውና አፍቃሪው ጋራዡ ውስጥ ሲጨቃጨቁ ሜካኒኳ ከመኪና ሥር እንደምትወጣ ነገርኳቸው። ፊልሙን ደጋግሜ ያየሁት በእሷ ምክንያት ነው። ሌላ ተዋናይት ብትሆን እዚህ ላይ ትጮህ ነበር። እሷ አትቸኩልም። ሁሉም ተናግረው እስኪጨርሱ ጣቶቿን አንድ በአንድ በጨርቅ ትጠርጋለች። ከዚያ ዋጋ በምትናገርበት ድምፅ፦

"ይቺ መኪና አንድም ቀን በራሷ ተበላሽታ አታውቅም። አውቃለሁ። ተመልሶ እንዲመጣ ብሎኗን አላልቼ የምመልሳት እኔ ነኝ።"

"ሽማግሌዎቹ አልሰሙም" አሉ እትዬ።

ደገምኩት።

"በሩ ጋም አይሰማም" አለች ፖሊሷ።

በሦስተኛው ጣቶቼን በሻርፔ መጥረግ ጀመርኩ። አልቸኮልኩም። ሲጨቃጨቁ የነበሩት ሽማግሌዎች ፊት ለፊቴ ያሉ መሰለኝ። ስናገረው ድምፄ ግድግዳውን ነክቶ ሲመለስ ሰማሁት። የቡልቡላዋ ሳፋዋን ጣለች። መኪናዋ ተነሳች። እትዬ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገልጠው "እኔስ የተኛሁ መሰለሽ?" አሉ።

ፊልሙ ላይ አባትየው እዚህ ጋ ምንም አይናገርም። የእትዬ ይሻላል።

በማግስቱ ከፍርድ ቤት ስመለስ ዳኛው ምን እንደወሰኑ የጠየቀኝ አልነበረም። እትዬ "ምን አልሽ?" አሉኝ። መሐል ወለል ላይ ቆሜ አሳየኋቸው። መርማሪውን ሆኜ ወረቀት ላይ አቀርቅሬ በፍጥነት አነበብኩ። ዳኛውን ሆኜ መነጽሬን ዝቅ አደረግሁ። ከዚያ ራሴን ሆንኩ። መርማሪው እስኪቀመጥ ጠበቅሁ፤ ከዚያም ተናገርኩ።

"የጻፍኩት ጽሑፍ ፖሊስ ጋ አለ፤ አልካድኩትም። ስልኬም እነሱ ጋ ነው። ቤቴም የማስተምርበት ቦታም ይታወቃል። ታዲያ ታስሬ የምቆየው ምን እስኪገኝ ነው?"

ዳኛው ቀና ብለው አዩኝ። ፖሊስ ከጠየቀው ቀን ግማሹን ፈቀዱ፤ ያ ሲያልቅ በዋስ ወጣሁ። ያን ዕለት ቀኑ በግማሽ መቀነሱን ስነግራቸው የወንጂዋ እልልታዋን በመዳፏ አፍና ለቀቀችው። የቡልቡላዋ ግን "ዳኛው እንዲህ አያወሩም፤ የእኔንም ጉዳይ ያዩት እሳቸው ናቸው፣ በአፍንጫቸው ነው የሚናገሩት" አለች።

"ድገሚልን" አሉ እትዬ። "መርማሪውን እኔ ልሁን።"

ሁላችንም በየተራ ወጥተናል። ዛሬም አስተምራለሁ። ድምፄ አሁንም ትንሽ ነው። ከኋላ ያሉ ተማሪዎች "አልሰማንም" ሲሉኝ ድሮ እቀላ ነበር፤ አሁን እደግመዋለሁ። በቅርቡ ያንን ፊልም ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ የትም ሳልወርድ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁት። ተዋናዮቹ ጎበዞች ናቸው፤ ልጅቷን የሚያክላት የለም። አባትየው ግን ትንሽ ይቀረዋል። መኪናዋም ድምፅ የላትም።