አባቴ ትራይፖዴን ሞራ የቀቡ ዕለት

ትራይፖድ ማጽዳት አልወድም። ፎገራ ሜዳ ላይ ካሜራ ይዞ የሚዞር ሰው ግን አልወድም ብሎ የሚተወው ነገር አይደለም። ዋልካው አይምርም፤ እርጥብ ሳለ እንደ ሙጫ ይይዛል፣ ሲደርቅ ድንጋይ ነው። ዘንድሮማ ሙሽሮች ሩዝ ማሳ መሀል ገብተው ካልተነሱ ያገቡ አይመስላቸውም። እነሱ ጫማቸውን አውልቀው ይሳሳቃሉ፣ እኔ የካሜራ ማቆሚያዬን ሦስት እግር ጭቃ ውስጥ ተክዬ እራገማለሁ። ወረታ ቤቴ ስገባ እግሮቹን እስከ መጨረሻው ስቤ በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋለሁ፤ ብሎኑ ሥር የገባውን አፈር በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አወጣለሁ፤ ከዚያ ገልብጬ ጥላ ላይ አደርቀዋለሁ። ቅባት የሚባል ነገር አላስነካውም። እግሩን ባለበት አጥብቆ የሚይዘው መቆለፊያ ደረቅ ካልሆነ ይንሸራተታል።

ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ለአባቴ አልነገርኳቸውም።

አባቴ ገበሬ ነበሩ። ጥቅምት ላይ ሳል አላስተኛ ብሏቸው ለሕክምና እኔ ዘንድ መጡ። መርፌያቸውን ተወግተው ሲመለሱ ፎቶ ቤቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ስሠራ ያዩኛል። አንድ ቀን ሐዘንተኞች የሟች መታወቂያ ይዘው መጡ፤ ላዩ ላይ ያለችውን ጉርድ ፎቶ ለለቅሶ አሳድጊልን አሉኝ። በእኛ አገር ለቅሶ ላይ የሟች ፎቶ ይያዛል፤ ሰው እሱን እያየ ነው የሚያለቅሰው። አሳድጌ ያወጣሁትን አባቴ አዩና ፊታቸውን አዞሩ።

«እኔን እንዲህ አድርገሽ እንዳታወጪኝ» አሉ። «ጋቢዬን ለብሼ፣ ከሩዜ መሀል ቆሜ፣ ሳይታጨድ አንሺኝ። ለለቅሶዬ የምትሆን አንዲት ፎቶ።»

«ምን ያለ ሟርት ነው አባባ! ጆሮዬን ይድፈነው!» አልኩ። ደስ እንዲላቸው ግን ለእሑድ ቀጠሮ ሰጠኋቸው። እሑድ ማለዳ ጋቢያቸው ይታጠባል፣ አብረን እንሄዳለን ተባባልን።

ሐሙስ ዕለት ትራይፖዱን አጥቤ ጥላ ላይ አቁሜው ገበያ ወጣሁ። አባቴ ሊያግዙኝ ፈለጉ። ከእርሻ የተመለሰ የቆዳ ጠፍር በሞራ ካልታሸ ይደርቃል፣ ይበጠሳል፤ በሬ ጠምዶ የኖረ ሰው ይህን ማንም አይነግረውም። ሥጋ ቤት ድረስ ሄደው ሞራ ለመኑ። ፀሐይ ላይ አለሰለሱት። ከዚያ እግሮቹን አንድ በአንድ፣ መቆለፊያው ውስጥ ሳይቀር፣ አሹልኝ። ላዩን በጨርቅ ስለጠረጉት ስመለስ ያብረቀርቃል። የወለወሉት ብቻ መስሎኝ፣ ቸኩዬም ስለነበር «እጅዎ ይባረክ» ብዬ አጥፌ ከተትኩት።

ቅዳሜ ሙሽሮቹ ማሳው መሀል ተቃቅፈው ቆመው ሳለ አንደኛው እግር ቀስ ብሎ ተንሸራተተ። እጄን ሳልዘረጋ ካሜራው በአፍጢሙ ተደፋ። ሌንሱ ተሰነጠቀ፣ ውስጡ ጭቃ ገባ። መቆለፊያውን ፈትቼ ብነካው ጣቴ ሞራ ይዞ ወጣ።

ጉድ ፈላ! ቤት እስክደርስ አልበረደልኝም። «ማን ይንኩልኝ አለዎት! ትራይፖድ በሬ መሰለዎት እንዴ!» ብዬ ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አባቴ እጆቻቸውን ጋቢያቸው ሥር ደበቁ፤ የሰባ ዓመት ሰው፣ እቃ እንደሰበረ ልጅ።

እሑድ ማለዳ «ቤቱም ብቻውን ነው፣ ልሂድ» አሉ። መናኸሪያ ድረስ እንኳ አልሸኘኋቸውም። ስልክ አልነበረሽም ወይ፣ በስልክስ አታነሺያቸውም ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነበረኝ፤ ኪሴ ውስጥ ነበር። እልህ ይዞኝ ነው እንጂ።

ካሜራው ባሕር ዳር ተጠግኖ እስኪመለስ ኅዳር አለቀ። አገር ቤት ስወርድ ሩዙ ታጭዷል፤ አባቴ ከአውድማው ዳር ተቀምጠዋል፣ አንገታቸው ቀጥኗል። ይቅር ይበሉኝ ልል ሄጄ፣ አፌ እንቢ ብሎኝ፣ «ላንሳዎት?» አልኩ።

«ገለባ መሀል?» ብለው ሳቁ። «ለዓመት ሩዙ ሲያሸት ታነሺኛለሽ።»

«ለዓመት ያድርሰን» አልኩ። እውነቱን ልናገር፣ ቀለል አለኝ፤ ማታ ወረታ ሥራ ይጠብቀኝ ነበር።

አላደረሳቸውም። የካቲት ላይ ያ ሳል አነቃቸውና ሞቱ።

መታወቂያቸው ላይ ያለችውን ጉርድ ፎቶ በገዛ እጄ አሳደግሁ። ባሳደግሁት ቁጥር ይደበዝዛል። ፍላሽ ያስደነገጣቸው፣ አንገታቸው ድረስ የሸሚዝ ቁልፍ የተዘጋባቸው ሽማግሌ ናቸው፤ አባቴ አይደሉም። ለቅሶው ላይ ወንድሜ ያንን ፎቶ ከፍ አድርጎ ይዞ መሀል ሲገባ አላስቻለኝም። ተነስቼ፣ ደረቴን እየመታሁ፣ ያልታሰበ ነገር ካፌ ወጣ፦

የሰው አባት ሁሉ ስባክን ሳነሳ፣
የኔ አባት ወደቀ አጣ የሚያነሳ።

ሴቶቹ ተቀበሉኝ። ደጋግመው አሉት፣ ሜዳው በለቅሶ ተናጠ። ሁለት ሦስት ሰዎች እኔን ደግፈው አስቀመጡኝ።

ሰው ሲበተን አንዲት የታወቀች አልቃሽ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል። «አንጀት የሚበላ ግጥም ነው ልጄ፤ ከየት አመጣሽው?» አለችኝ።

ግጥም መግጠሜ አልነበረም። ያደረግሁትን ነው የተናገርኩት።