የመንግሥት ኢንሹራንስ ዋስ የሆኑት ገበሬ

ፍኖተ ሰላም ቅርንጫፍ በገባሁበት ዕለት ሥራዬን ያስረዱኝ ሥራ አስኪያጁ ጓድ አስማረ ናቸው። ቆመው ነው ያስረዱኝ፤ ወደ ስብሰባ እየሄዱ ነበር።

ድርጅታችን የመንግሥት ኢንሹራንስ ነው። በየከተማው ቢሮ መክፈት ስለማይችል ወኪል ያስቀምጣል። ወኪሉ በድርጅቱ ስም ውል ይፈርማል፤ ግን እስከ ወሰኑ ብቻ። ቆርቆሮ ክዳን ያለው ወፍጮ ቤትና ሱቅ ከሆነ ራሱ አይቶ ይፈርማል። ሣር ክዳን ከሆነ፣ ወይም ግምቱ ከፍ ካለ፣ ወደ ቅርንጫፍ ይልካል። ከቅርንጫፉ ወሰን ያለፈው ደግሞ አዲስ አበባ ይሄዳል። ካሳ ሲከፈልም ሥርዓቱ ይኸው ነው።

"ወኪሉ ወሰኑን ማለፍ አለማለፉን ማን ያያል?" አልኳቸው።

"አንቺ።"

"በምን ሄጄ?"

"በአውቶቡስ። አውቶቡስ ከሌለ በጭነት መኪና። እሱም ከሌለ በንቃት።"

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነበር የተቀጠርኩት። ንቃት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያስኬድ ግን ያስተማረኝ የለም።

መጀመሪያ የተቆጣጠርኩት የቡሬውን ወኪል አቶ ይሁኔን ነው። የድሮ የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ገበያው ሁሉ ቆሞ ሰላም ይለዋል። ስሕተት ላገኝበት ጓጉቼ ሄድኩ። ወፍጮ ቤት ሲገባ ቆርቆሮውን በዱላው ይመታል፣ የናፍጣው በርሜል ከሞተሩ መራቁን ያያል፣ የሞተሩን ዘይት በጣቱ ነክቶ ያሸታል። ከወሰኑ አንድም ቀን አላለፈም። በጣም ተናደድኩ።

የሱ ጉድ በሌላ በኩል መጣ።

ማንኩሳ አጠገብ ያሉ ገበሬዎች የአገልግሎት ማኅበራቸው ወፍጮ ገዛላቸው። አቶ ይሁኔ ሄዶ አየው፣ ወደደው፣ አባላቱን ሰብስቦ ውሉን አነበበላቸው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ካሴ እስከ መጨረሻው ሰሙና፣

"መልካም። ዋሱስ?" አሉት።

"የምን ዋስ?"

"ወፍጮው ቢቃጠል ለመክፈላችሁ ዋሳችሁ ማነው?"

እዚያ አገር ላም ቢሸጥ፣ ልጅ ቢዳር፣ ጠበኛ ቢታረቅ ያለ ዋስ አያልቅም። ቃሉን ያጠፈ እንደሆነ ዋሱ ይከፍላል።

"ከፋዩ እኮ መንግሥት ነው!" አለ አቶ ይሁኔ።

"ሰምተናል፤ ከፋዩ እሱ ነው። ከፋይ ለራሱ ዋስ ይሆናል ወይ?"

ሰዉ ሳቀ። አቶ ይሁኔ ውሉን ሳያስፈርም ላለመመለስ ዓይኑን በሰው ላይ ሲያዞር የሚስቱን አጎት አያ ጥሩነህን አየ። "ዋሴ እሳቸው ናቸው" አለ። አያ ጥሩነህም ተነሥተው "ነኝ" አሉ። በአደባባይ የተጠራ ሰው አልሆንም ቢል ለልጅ ልጁ የሚተርፍ ነውር ነው። እንዲህ ሆኖ ለመንግሥት ኢንሹራንስ ጥማድ በሬ ያላቸው አንድ ገበሬ ዋስ ሆኑት።

እኛ ይህን አናውቅም። ወፍጮው ከጊዜ በኋላ ተቃጠለና ሄጄ አየሁት። ክዳኑ ቆርቆሮ፣ የኢንሹራንስ ክፍያው የተከፈለ፣ ቃጠሎው ከሞተሩ የተነሣ፤ የሚያጠያይቅ ነገር የለውም። ካሳውም በቅርንጫፉ ወሰን ውስጥ ነው። ዶሴውን አስተካክዬ ጓድ አስማረ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። እሳቸው ግን "ለዋናው መሥሪያ ቤት ይመራ" ብለው ጻፉበት።

"ጓድ፣ ይሄ እኮ በርስዎ ወሰን ውስጥ ነው" አልኳቸው።

"እኔ ከፈረምኩ ነገ የሚጠየቀው ማነው?"

"እርስዎ ነዎታ።"

"ይኸው! ገብቶሻል።"

አዲስ አበባ "በቅርንጫፉ ሥልጣን ሥር ስለሆነ እዚያው ይወሰን" ብሎ መለሰው። እሳቸው "መመሪያ እንዲሰጠን" ብለው እንደገና ላኩት። ያ ዶሴ ከኔ የበለጠ አገር አየ።

ሰኔ ሲገባ አቶ ይሁኔ ፊቱ ጠቁሮ ቢሮ መጣ።

"ሽማግሌ ተቀምጧል፣ እታለም። ካሳው ካልመጣ የአያ ጥሩነህን በሬዎች ሊነዱ ነው።"

"የሳቸው በሬ ከኢንሹራንስ ጋር ምን አገናኘው?"

"ዋስ ናቸዋ።"

"የማን?"

"የኛ።"

ሳቄ አመለጠኝ። እሱ አልሳቀም። ገበሬ በሰኔ በሬው ከተነዳ ምን እንደሚሆን ሳስበው እኔም አቆምኩ።

ለጓድ አስማረ ስነግራቸው ከወንበራቸው ዘለሉ። "መንግሥት ዋስ ይጠራል? ይሄ የአድኃሪ ሥራ ነው! ሄደን እናነቃቸዋለን!" አሉ። በጭነት መኪና ሄድን።

ሽማግሌዎቹ ከቃጠሎው በተረፈው ግድግዳ ጥላ ተቀምጠው ጠበቁን። አያ ጥሩነህ ጥግ ላይ አንገታቸውን ደፍተዋል። ጓድ አስማረ ስለ ሰፊው ሕዝብና ስለ መንግሥት ታማኝነት ላብ እስኪያጠምቃቸው ተናገሩ። ማንም አላቋረጣቸውም። ሲጨርሱ አቶ ካሴ ተነሡ።

"ደግ ተናገሩ፣ ጓድ። እንግዲህ አያ ጥሩነህ ይለቀቁ ነው የሚሉን?"

"አሁኑኑ ይለቀቁ!"

"ይለቀቃሉ። ዋስ የሚለቀቅ ሌላ ሲተካ ነው። የመሥሪያ ቤቱ አዛዥ እርስዎ ነዎት፤ በፈቃድዎ እርስዎን ተክተናል።"

"እኔን? እኔ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነኝ! በሬ የለኝም!"

አያ ጥሩነህ ቀና አሉ። "ላሞች ግን አሉዎት አሉ። አንዷ እንዲያውም በቅርቡ ወልዳለች።"

ጓድ አስማረ ዞረው እኔን አዩኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ፍኖተ ሰላም ወተታቸውን የማይገዛ የለም። ከዚያ ሰዉን አዩ። በአደባባይ አልሆንም ማለት ለካ ለጓድም ይከብዳል።

"እሺ" አሉ።

በማግሥቱ ነጠላዬን ሳልሰቅል ጠሩኝ።

"የማንኩሳን ወፍጮ ዶሴ አምጪ።"

ግልባጩን አመጣሁ። የክፍያ ትእዛዙን ሳይቀመጡ ፈረሙ።

"ዋናው መሥሪያ ቤትስ?"

"በወሰኔ ውስጥ አይደለም ወይ?" ብለው ተቆጡኝ፤ ያዘገየሁት እኔ ነኝ እንዴ?

ካሳው ተከፈለ፤ አያ ጥሩነህ በበሬዎቻቸው አረሱ። ጓድ አስማረ ደግሞ ወኪሎች ዋስ እንዳይጠሩ ሰርኩላር በተኑና የአቶ ይሁኔን የመፈረም ሥልጣን አነሡ።

"የሱ ጥፋት ዋስ መጥራቱ ነው፤ የርስዎ ጥፋት ዋስ የሚያስፈልግዎት ሰው መሆንዎ ነው" አልኳቸው።

ወደ ደምበጫ የመዛወሬ ደብዳቤ በዚያው ሳምንት ደረሰኝ። እሱን ለመፈረም አዲስ አበባን አልጠየቁም።

አዲስ ለምትቀጠሩ የምለው አንድ ነገር ነው። ነገ አለቃ ሆናችሁ ለሰው የመፈረም ሥልጣን ስትሰጡ እስከ ስንት መፈረም እንደሚችል ብቻ አትጻፉ። መፈረም ሲገባው ሳይፈርም ቢቀር ማን እንደሚጠይቀውም ጻፉ።