የፖስታው እጥፋት

በዕፅዋት ናሙና ማከማቻችን ውስጥ «እትዬ ሽበት» የምንላት፣ ጠጉሯ ከሰል የመሰለ ሴት ነበረች። ቅጽል ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ሥራዋ በተራራ ደን ዛፎች ላይ እንደ አረንጓዴ ምንጣፍ የሚበቅለውን የዛፍ ሽበት መለየትና መመደብ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት አጉሊ መነጽር ላይ አቀርቅራ አንገቷ ጎብጧል። በሥራዋ ቀልድ አታውቅም። ደረቁ ሽበት የሚቀመጠው በታጠፈ የወረቀት ፖስታ ነው፤ እኔ ያጠፍኩትን አንድ ቀን እንኳ ወዳልኝ አታውቅም።

አብዛኛውን የሚልክላት የደን ጠባቂው ታናሽ ወንድሟ ነበር። እናታቸው ስትሞት ገና ዳዴ ይል ስለነበር ያሳደገችው እሷ ናት፤ ቃሏን እንደ እናት ቃል ይሰማል። በየፖስታው ላይ ከየትኛው ዛፍ፣ ከመሬት ስንት ሜትር ላይ እንዳነሳው ይጽፋል።

አንዱን ሽበት ሦስት ጊዜ ላከው። በስልክ ሲከራከሩ አጠገቧ ነበርኩ።

«እታለም፣ ይሄ ሌላ ዘር ነው» አለ።

«ቅጠሉ ከሌላው ጋር አንድ ነው። ፍሬ የሌለውን በምን ልለየው?»

«እኔ እኮ ፍሬ ያየሁበት መስሎኝ ነበር።»

«አይቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ፍሬ ያለውን አምጣና እንነጋገራለን።»

«እሺ፣ ላይኛው ቅርንጫፍ ላይ አይጠፋም» አለና ሳቀ።

ፍሬ የምንላት ከጠጉር በቀጠነ ዘንግ ጫፍ ላይ የምትቆም፣ ከሰናፍጭ የምታንስ ነገር ናት። ዘሩን የሚናገሩት አፏ ዙሪያ ያሉት ጥርሶች ናቸው።

ወንድሟ ዝናብ ባባራ ማግስት ዛፉ ላይ ወጣ። ግንዱ ርጥብ ነበር። ወደቀና ሞተ። ከጃኬቱ ኪስ የተገኘው ፖስታ «ከመሬት አሥራ ስምንት ሜትር» ይላል።

እትዬ ሽበት ፖስታውን ሳትከፍት ዓመት ሙሉ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠችው። «ተሳስቶ ከሆነ በከንቱ ሞተ፤ ልክ ከሆነም የላክሁት እኔ ነኝ» አለችኝ። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» አልኳት። እንዲህ ያለች ምላሴን እስካሁን እረግማታለሁ።

በመጨረሻ ከፈተችው። ፍሬ ሞልቶታል። ጥርሶቹን ከመዝገቦች ሁሉ ጋር አመሳከረች፤ የትም የሌለ አዲስ ዘር ነው። አለቀሰችም፣ ሳቀችም። ደስታችን ሁለት ቀን ቆየ።

አዲስ ዘር ሲመዘገብ የቀድሞዎቹ ናሙናዎች እንደገና ይታያሉ። ወንድሟ ከላካቸው ከሦስቱ የመጀመሪያውን ፖስታ ዘርግታ እጥፋቱን በቀጭን ብሩሽ ጠረገች። ደረቅ ፍሬ በመንገድ እንግልት ተሰብሮ እጥፋት ውስጥ እንደሚገባ ያስተማረችኝ ራሷ ናት። ሦስት ፍሬዎች ነጩ ሳህን ላይ ወደቁ። ፖስታው ላይ በወንድሟ እጅ «ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል» ይላል። ከሥሩ በእሷ እጅ «ፍሬ የለውም» ይላል።

«መጀመሪያውኑ ልኮልኝ ነበር» አለች። «መሬት ቆሞ የለቀመውን። ዓይኔስ ያኔ ነው ግንባር የሆነው።»

በሥራችን የተጻፈ አይሰረዝም፤ ስህተት ቢሆንም ማረሚያው ከሥሩ ይለጠፋል እንጂ። እኔ ግን አንጀቴ አልቻለም።

«እትዬ፣ ፖስታውን እንቀይረው። ማን ያያል?»

«አይሆንም» ብላ ራሷን ነቀነቀች። ቁራጭ ወረቀት ለጥፋ «ፍሬ አለው። ሳላይ የቀረሁት እኔ ነኝ» ብላ ጻፈችና ቀኑንና ፊርማዋን አኖረች። ከዚያ ፖስታውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

«አንቺ እጠፊው» አለችኝ። «እጄ እምቢ አለኝ።»