የቅሬያችንን በቅሎ የሳብኩባቸው ዓመታት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ በእጄ የጻፍኩት የቅዳሜ ተሳፋሪዎችን ስም ብቻ ነው። አሁን ኮን ወደሚባል ከተማ ተድሬ ልሄድ ስለሆነ፣ በቅሎዋን የሚረከቡኝ ሁለት ልጆች ሥራው እንዴት እንደሆነ ንገሪን አሉኝ። ፊት ለፊት ቆሜ መናገር ስለሚያሳፍረኝ ጻፍኩላቸው።

መንደራችን ከጋሸና ወደ ላሊበላ ከሚወስደው መንገድ በላይ ነው፤ ቁልቁል ሲወርዱ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። መኪና አይወጣውም። ድሮ መራመድ ያልቻለን ሰው የመንደሩ እድር፣ እኛ ቅሬ የምንለው፣ በቃሬዛ ያወርደው ነበር። ሬሳ የሚሸኙት እነዚያው ሰዎች በሽተኛም ይሸከማሉ። አንድ ቃሬዛ ስምንት ጎልማሳ ይፈልጋል፤ አራቱ ሲሸከሙ አራቱ ትከሻቸውን ያሳርፋሉ። ጎልማሶቹ ለሚሊሺያ ተጠርተው ሲሄዱ ቃሬዛው ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። ያን ጊዜ ቅሬው በቅሎ ገዛ።

ማን ይሳባት ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። ሁሉም ሲከራከር እኔ ከኋላ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር። የቅሬው ዳኛ አዩኝና፣ እሷ ትሁን፣ ከበቅሎዋ ጋር አይጣሉም፣ ሁለቱም አይናገሩም አሉ። ሰዉ ሳቀ። ሥራ የያዝኩት እንዲህ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ያስተማሩኝ አያ ደምሴ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የነጋዴ አጋሰስ ሲነዱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ኮርቻውን ከነግላሱ አስጫኑኝ፣ መቀነቻውን ሦስት ጊዜ አስፈትተው ሦስት ጊዜ አሳሰሩኝ። የተሳፋሪው መቀመጫ እንዳይላጥ ከኮርቻው ላይ አጎዛ ይነጠፋል። ጉልበት የሌለው እግር እርካብ ውስጥ አይገባም፣ ሰውዬው ቢወድቅ ይጎተታልና። ዳገት ላይ ወደፊት፣ ቁልቁለት ላይ ወደኋላ ደገፍ ይደረጋል። ሳቢዋ ሁልጊዜ በገደሉ በኩል ትሄዳለች። ይህን ሁሉ ካሳዩኝ በኋላ ቀና ብለው አዩኝ።

"ገብስ ሲጭኑት አያፍርም" አሉኝ። "ሰው ግን ያፍራል። ልዩነቱ ይኸው ነው።"

የማፍረው እኔ መሆኔን አልነገርኳቸውም። ሰው ለመጫን ማቀፍ ግድ ነው። አንድ ክንድ ከብብት ሥር፣ አንድ ክንድ ከጉልበት ሥር ይገባል፤ ፊት ለፊት ትንፋሽ ለትንፋሽ ነው። የመጀመሪያዋ ተሳፋሪዬ ጉልበታቸው በሕመም የታሰረ እትዬ ዘነቡ ነበሩ። ፊታቸውን ላለማየት ወዲያ ዞሬ ስለነበር ከኮርቻው ጋር የሚያስራቸውን መታጠቂያ አላጠበቅኩትም። ሃያ እርምጃ እንኳ ሳንሄድ ወደ ጎን ተንሸራተው ትከሻዬ ላይ አረፉ።

"አንቺ ልጅ፣ ሰርቀሽ የምትወስጅኝ ይመስል ምን ወዲያ ወዲያ ያሳይሻል?" አሉኝ፣ ትከሻዬ ላይ እንደተንጠለጠሉ እየሳቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስጭን ዓይኔን አልሰብርም።

ቅዳሜ ጠዋት የኅብረት ሥራ ማኅበሩ የጭነት መኪና ከታች ወደ ላሊበላ ያልፋል። ሾፌሩ ከጋቢናው ሁለት ቦታ ለእኛ ሰዎች ይይዛል፤ አንድ ሲጋራ እስኪጨርስም ይጠብቃል። ሲጋራው ካለቀ መኪናው የሚመጣው በሳምንቱ ነው። ሰው ከላዩ ሆኖ ወደ ኮርቻው የሚወጣበት መጫኛ ድንጋይ ያለን በሁለት ቦታ ብቻ ነበር፤ አንዱ መንደሩ ውስጥ፣ አንዱ ታች መኪናው የሚቆምበት። በመካከል ተሳፋሪ ከወረደ አንድ ሰው ብቻውን መልሶ አያወጣውም።

ከሥራው ሁሉ የምወደው መካከሉን መንገድ ነው። ጉሙ ከሸለቆው ቀስ እያለ ይወጣና መንገዱን ይውጠዋል። የበቅሎዋ ጆሮ ብቻ ይታየኛል። ኮቴዋ ቀጭ ቀጭ ሲል እንቅልፍ ይዞኝ የምሄድ ይመስለኛል፤ አንዳንዴ መሬቱ ቆሞ እኛ የምንንሳፈፍ፣ አንዳንዴ እኛ ቆመን መሬቱ ከሥራችን የሚያልፍ። እኔ ፊቴን ስለማላዞር ተሳፋሪዎቹ ለጀርባዬ ያወራሉ። ለልጆቻቸው ያልነገሩትን ነግረውኛል። መልስ አይጠብቁም፤ እኔም አልመልስም። ዓይነ አፋርነቴ የጠቀመኝ እዚያ ላይ ብቻ ነው።

ከመንገዱ እኩሌታ ላይ መድኃኔ ዓለም አለ። በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በበቅሎ ተቀምጦ አይታለፍም፤ ተወርዶ፣ ተሳልሞ፣ በእግር ይታለፋል። ካህናቱ ግን መቆም ለማይችሉት ፈቅደው ነበር፤ በሽተኛ ከኮርቻው ላይ ሆኖ እጅ ነስቶ ይለፍ ብለው። ይህን የፈቀዱት የደብሩ አስተዳዳሪ የነበሩት ቄስ፣ አባ አላምረው ናቸው።

በኋላ አባ አላምረው ራሳቸው ታመሙ። ሁለቱም እግሮቻቸው አልታዘዝ አሏቸው። በግራ እግራቸው ጣቶች ላይ የወጣ ቁስል እየጠቆረ ሄደ። ከላሊበላ ጤና ጣቢያ የመጣ ድሬሰር አይቷቸው፣ በዚህ ቅዳሜ ካልደረሱ እግሩን አላድነውም ብሎ ነበር። ቅዳሜ ማለዳ ጫንኳቸው። ቀላል ነበሩ፤ ጋቢያቸው ከእሳቸው ይከብድ ነበር።

ጉሙ የዚያን ቀን ጭራሽ አልተነሳም። አባ በለሆሳስ ዜማ እያሰሙ ይመጡ ነበር፤ መድኃኔ ዓለም ደጃፍ ስንደርስ ዜማው ቆመ።

"አውርጂኝ" አሉ።

እርስዎ ራስዎ ፈቅደዋል፣ ከላይ ሆነው ይሳለሙ አልኳቸው። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

"ሌላውን ፈትቻለሁ። እኔን ማን ፈታኝ?"

መልሼ የማወጣበት ድንጋይ እንደሌለ አውቅ ነበር። የሾፌሩ ሲጋራም ትዝ ብሎኝ ነበር። እዚህ ላይ እውነቱን ልጻፍ፤ ያወረድኳቸው ከደጃፉ ክብር የተነሳ አይደለም። ትልቅ ሰው፣ ያውም ካህን፣ እምቢ ማለት አፍሬ ነው።

መሬት ሲደርሱ በእጃቸው መዳህ ጀመሩ። የተጠቀለለው እግራቸው በጤዛና በጭቃ ላይ ሲጎተት አየሁ። ሮጬ ከፊታቸው ቁጢጥ አልኩና ጀርባዬን ሰጠኋቸው። ሴት ልጅ ቄስ አዝላ የት ታይቶ ያውቃል አሉኝ። እኔ ደግሞ ጉም ነው፣ ማንም አያየንም አልኩ። ከዚያ ክንዳቸው በአንገቴ ዙሪያ መጣ።

በነጠላዬ አሰርኳቸው። ከደጀ ሰላሙ ስደርስ ጎንበስ አልኩላቸው፤ መቃኑን ሳሙ። ቅጥሩን ታክኬ ሄድኩ። ግድግዳው በጉም ውስጥ ማለቂያ የሌለው መሰለኝ። በቅሎዋ ሳይስቧት ከኋላችን ትመጣለች። ትንፋሻቸው ጆሮዬ ላይ ነበር፤ ዜማውም ተመልሶ መጣ፣ ግን ድምፅ አልነበረውም፣ በጀርባዬ ነው የሰማሁት። ለማረፍ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። ከቅጥሩ ማዶ ለአፈር ጥበቃ የተሠራ እርከን አለ። አባን ከእርከኑ ላይ አስቀምጬ፣ በቅሎዋን ከሥር አስጠግቼ፣ እንደምንም ጫንኳቸው።

ያን ጊዜ ከታች የመኪናው ጥሩንባ ተሰማ። ቆየት ብሎ ሞተሩ ዳገቱን እየጎተተ ሲርቅ ሰማነው። አባም ሰምተዋል።

አልተመለስኩም። መንገዱን ይዤ እስከ ላሊበላ ሳብኳት፤ ስንደርስ ፀሐይ ጠልቃ ነበር። ድሬሰሩ ከቤቱ ተጠርቶ መጣ። እግራቸውን አዳነው፤ ሁለት ጣት ግን ቆርጦ ማንሳት ነበረበት። እኔ እንድሰማው ይሁን እንጃ፣ ጠዋት ደርሰው ቢሆን ምናልባት አንዱ ይተርፍ ነበር አለ። እስካሁን ያን አንድ ጣት አስበዋለሁ።

ስመለስ የቅሬው ዳኛ በሰው ፊት ጠየቁኝ። ያለ ድንጋይ ሰው እንደማይወርድ እያወቅሽ ለምን አወረድሽ አሉ። እምቢ ማለት አፍሬ ነው አልኩ። ያን ቀን ማንም አልሳቀም። አያ ደምሴ ብቻ፣ ያፈረችው እሷ ብቻ አይደለችም፣ እኛም አፍረን አባን የት ይወርዳሉ ብለን አልጠየቅናቸውም አሉ። ቅሬው ተስማምቶ ከመድኃኔ ዓለም በላይና በታች ሁለት መጫኛ ድንጋይ አቆመ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሰው በተራ እዚያ ይጠብቃል፤ ተሳፋሪን ያወርዳል፣ መንገዱ አጭር ስለሆነ ለሁለት ብቻ በቃሬዛ ደጃፉን ያሳልፋል፣ መልሶ ይጭናል። እኛም ለዚህ የሚበቃ ጊዜ ቀድመን እንነሳለን።

ለተረካቢዎቼ የምጽፈው ይህን ነው፤ ሰው ከመጫናችሁ በፊት የት መውረድ እንደሚፈልግ ጠይቁት። መንገድ ላይ ስትደርሱ ሳይሆን፣ ገና መንደር ሳላችሁ። የማይሆን ከሆነም እዚያው ንገሩት።

አባ አላምረው ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ኖሩ፤ ሌላም ጊዜ ጭኛቸዋለሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ነው። ስለ ጣቱ ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር፤ ግን ቃሉ ከአፌ አልወጣ ብሎ መሬት መሬት አየሁ። የመጣሁበትን አውቀውት ነበር።

"ልጄ፣ ያዘልሽኝ ዕለት ዓይኔን ጨፍኜ ነበር" አሉኝ። "በእግሬ ያለፍኩ መሰለኝ።"